የጓሳውን ጋሼ አመስግኑልኝ

በክረምት ወደ ጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ወዳለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ፣ የእግር ጉዞ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ነሐሴ ላይ ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ታጥፈን ሄድን። እናቴም አብራን ነበረች። እኛ የመረጥነው መንገድ አጭሩን ነው። ሜዳውን ሰንጥቆ በቀጥታ ገደሉ አፋፍ ያደርሳል። የማኅበረሰቡ ሎጅ ላይ ያገኘናቸው አስጎብኚ ግን መጀመሪያ ያዩት የእናቴን ጫማ ነው። «እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዳገት ይብስብዎታል ቁልቁለት?» አሏት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ያ የበጋ መንገድ ነው። አሁን ረግረግ ነው። ሲያዩት ሣር ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ይውጣል።»

በጉብታው ጀርባ ዞርን። ይረዝማል፣ ግን እግር የሚይዝ መሬት ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ትንሽ ዳገት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋሼ እናቴን ከፊት አስቀድመው ሁላችንንም በእሷ እርምጃ አስኬዱን። እንዲህ የሚያደርግ አስጎብኚ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። በጠዋት የቀሰቀሱንም እሳቸው ናቸው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አለ፣ በረዶው አለ። ከሁሉም የሚያስፈራው ጉሙ ነው፤ ሲወርድ አጠገባችሁ ያለው ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ አይታይም፣ ገደሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ጭላዳዎቹን እስክንጠግብ አየን። ቀይ ቀበሮም አይጥ ስታድን አገኘናት። ልንጠጋት ስንል «ተዉአት፣ ምሳዋ ላይ ናት» ብለው አስቆሙን።

ስለ ጓሳ ሣር ሲያወሩ ግን ቀኑን ሙሉ ብሰማቸው አይሰለቸኝም። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ ለዝናብ ጌሳ የሚሠራበት ሣር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ሲወርድ በመጣ ሥርዓት፣ ቦታው ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር። የሚከፈተው ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ነበር። ዛሬም የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ነው። ጋሼ ከመንገድ ስንወጣ ቶሎ የሚመልሱን ለእኛ ብቻ ብለው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እናቴን በሰላም ወስደው በሰላም መልሰውልናል።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ሎጁ ስትደርሱ በዕድሜ ጠና ያሉትን አስጎብኚ ጠይቁ። ትልቅ ሰው ወይም ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ንገሯቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ እንዳትረሱ፣ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል።