«ባንኩ ያጸደቀው ጠበቃ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

እንግሊዝ አገር ቤት ልትገዙ ወይም ልትሸጡ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ጠበቃ አትያዙ። እኔና ባለቤቴ የከፈልነውን እናንተም እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በ2021 ነው። ደቡብ ለንደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት አገኘን። ለዓመታት ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረን፣ ግማሹ የእቁብ ነው። ሞርጌጁን፣ ማለትም የቤት ብድሩን፣ የጨረሰልን ብሮከር (አገናኝ) ደወለና «ጠበቃ ፍለጋ አትድከሙ፣ ባንኩ ያጸደቀው አለ፣ በሱ ከሄዳችሁ ቶሎ ያልቃል» አለን። ባንክ ያመነውን ጠበቃ እኛ አናምንም ልንል ነው? በዚያው ማታ በኢሜይል የመጣውን ፎርም ሞልተን ላክን።

ስህተታችን እዚህ ጋ ነው። «ባንኩ ያጸደቀው» ማለት ባንኩ የራሱን ገንዘብ በእጁ ሊያሳልፍ የፈቀደለት ድርጅት ማለት ነው። ለእናንተ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አበዳሪ ፓነል የሚባል የጠበቆች ዝርዝር አለው፣ በትልልቆቹ ባንኮች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ በጣም ብዙ ድርጅቶች አሉ። እናንተ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ ያለው ቢሮም ሊኖርበት ይችላል። ብሮከሩ ወይም የቤት ኤጀንቱ አንድ ስም ብቻ ሲጠራላችሁ ሌላ ስለሌለ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ደንበኛ ባመጣ ቁጥር ስለሚከፈለው ነው። ይህን ክፍያ ጠበቃው ለእናንተ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ለኛም ገልጸዋል፣ መጀመሪያ በላኩልን የወረቀት ክምር መሃል፣ አንዲት አንቀጽ ውስጥ። ያየናት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ጠበቃ ለእናንተም ለባንኩም ይሠራል። ሁለት ጌታ አለው። ቤቱን የሚመረምረው ባንኩ ባወጣው መመሪያ መሠረት ነው፣ መመሪያው ከተሟላ ባንኩ ገንዘቡን ይለቃል፣ ጠበቃውም ፋይሉን ይዘጋል። ባንኩን የማያሳስብ እናንተን ግን የሚጎዳ ነገር ካለ ማን ይነግራችኋል? ጎበዝ ጠበቃ ይነግራችኋል። በቀን ብዙ ፋይል የሚያገላብጥ፣ ስልክ ስትደውሉ ሁልጊዜ አዲስ ሰው የሚያነሳበት ድርጅት ግን አይነግራችሁም። የኛን ፋይል በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ተቀባብሎታል። አንዳቸውንም በዓይን አላየንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳት ልምጣ። ፍላታችን ሊዝ ሆልድ ነው፣ ማለትም መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ እኛ ቤቱን የምንይዘው ለተወሰነ ዘመን ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ፍላት እንደዚያው ነው። ስንገዛው የሊዙ ቀሪ ዘመን 81 ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። 81 ዓመት ሲባል ለሰው ረጅም ይመስላል፣ ለኛም መስሎናል። ለባንኩም በቂ ነበር፣ ከሚፈልገው ዝቅተኛ ዘመን በላይ ስለሆነ ምንም አላለም። ጠበቃው በላከው ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። «ተጠንቀቁ» የሚል ቃል ግን ከጎኑ አልነበረም።

80 ዓመት ትልቅ ድንበር ነው። ሊዙ ከ80 በታች ከወረደ በኋላ ላራዝም ስትሉ ማሪጅ ቫልዩ የሚባል ይጨመርባችኋል፣ ይኸውም ሊዙ በመራዘሙ ቤቱ ከሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹን ለመሬቱ ባለቤት መክፈል ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያን ጊዜ ደግሞ አንድ ገዢ በሕግ ላራዝም ብሎ ለመጠየቅ ቤቱን ሁለት ዓመት መያዝ ነበረበት። እስቲ አስሉት። 81 ከጥቂት ወር ይዘን ሁለት ዓመት ስንጠብቅ 79 ላይ ገባን። ቤቱን በገዛንበት ቀን ወጥመዱ ውስጥ ነበርን ማለት ነው።

የሚያንገበግበኝ መውጫ መንገድ መኖሩ ነው። ሻጩ ያኔ ያስፈልግ የነበረውን ሁለት ዓመት ከጨረሰ የማራዘሚያውን ማስታወቂያ (ሊዙ ይራዘምልኝ የሚል ሕጋዊ ደብዳቤ) ከሽያጩ በፊት እሱ ለመሬቱ ባለቤት ይሰጥና መብቱን ከቤቱ ጋር ለገዢው ያስተላልፋል። የታወቀ አሠራር ነው። የኛ ሻጭ ቤቱን ከሁለት ዓመት በላይ ይዞታል። ጠበቃችን አንድ ደብዳቤ ቢጽፍ ኖሮ ያን ሁሉ ሺህ ፓውንድ አንከፍልም ነበር። ይህን የነገረን በኋላ ለማራዘሚያው የያዝነው ሌላ ጠበቃ ነው። ሴትየዋ ፋይሉን ከፍታ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህን ማንም አልነገራችሁም?» አለችን። ባለቤቴ አለቀሰች።

የሁለት ዓመቱ ግዴታ ከጃንዋሪ 31፣ 2025 ጀምሮ ተነሥቷል። ማሪጅ ቫልዩን ራሱን የሚያስቀር ሕግም በ2024 ወጥቷል፣ ያ ክፍሉ ግን ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም፣ ለኛም አልደረሰልንም፣ ከዚያ በፊት ከፍለናል። ሁለት ዓመቱ ተነሣ ብላችሁም አትዘናጉ፣ ቤቱ በስማችሁ መሬት መዝገብ ላይ እስኪገባ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ሊዙ ደግሞ አይጠብቃችሁም።

ስለ ክፍያው ትንሽ ልበል። መጀመሪያ የነገሩን 850 ፓውንድ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የመጣው ወደ 1,900 ነው። ስለ ሊዝ ሆልድ ተጨማሪ፣ መታወቂያ ስላጣሩ ተጨማሪ፣ ገንዘብ በባንክ ስለላኩ ተጨማሪ፣ የስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ግብር) ፎርም ስለሞሉ ተጨማሪ። «ለአበዳሪው ስለሠራን» የሚል መስመርም አለበት። ስለዚህ ጠቅላላውን፣ ቫቱንና ጭማሪውን ሁሉ ጨምረው በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ለኛ ሰው ለብቻው የምለው አለ፣ የእቁብና የስጦታ ገንዘብ። ጠበቃው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የማጣራት ግዴታ አለበት። ለባንኩም ስለሚሠራ ደግሞ ወንድሜ 8,000 ፓውንድ ሰጠኝ ካላችሁት ለባንኩ ያሳውቃል፣ አታሳውቅብኝ ካላችሁት ሥራውን ያቆማል። በስልክ ያነጋገርናት ልጅ እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስንሞክር ጭራሽ ተጠራጠረችን፣ አምስት ሳምንት በዚህ አለቀ። እቁቡን በባንክ ሰብስቡ፣ የአባላቱን ስምና ተራ የያዘ ወረቀት ከሰብሳቢው አስፈርሙ፣ ስጦታ ከሆነም ሰጪው ቤቱ ላይ ድርሻ እንደማይጠይቅ አስቀድሞ ይጻፍ። ይህን የሚያውቅ፣ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ፊት ለፊት የምታስረዱት ጠበቃ ወርቅ ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ፓነሉን ናቁት እያልኩ አይደለም። በባንካችሁ ፓነል ላይ የሌለ ጠበቃ ከያዛችሁ ባንኩ የራሱን ሌላ ጠበቃ ያቆማል፣ ሒሳቡም በእናንተ ላይ ነው፣ ጊዜውም ይረዝማል። አንድ ቢሮ በአንዱ ባንክ ፓነል ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ላይኖር ስለሚችል የባንካችሁን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔ የምለው፣ እናንተ መጀመሪያ ጥሩ ጠበቃ ምረጡ፣ ከዚያ ፓነል ላይ መኖሩን አረጋግጡ። እኛ ተገላቢጦሹን ነው ያደረግነው።

ስትሸጡም ያው ነው። ኤጀንቱ «የኛ ጠበቃ ይፈጥናል» ይላችኋል። እሺ፣ ስንት ይከፈልሃል በሉት። በሱ የመሄድ ግዴታ የለባችሁም። ሪሞርጌጅ ስታደርጉ፣ ማለትም የቤት ብድሩን በአዲስ ስትቀይሩ፣ ባንኩ በነፃ የሚሰጣችሁ ጠበቃም መሠረታዊውን የባንኩን ሥራ ነው የሚጨርሰው፣ ቤቱ ላይ የሰው ስም መጨመር ወይም ማውጣት ካለ ብዙ ጊዜ ለብቻው ያስከፍላል።

የተበደላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ቅሬታ አስገቡ። በ8 ሳምንት ውስጥ ካልፈቱት፣ ወይም መልሳቸው ካላረካችሁ፣ በጠበቆች ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ወደሚያየው ሊጋል ኦምቡድስማን ሂዱ፣ ለእናንተ ነፃ ነው። የመጨረሻ መልሳቸው ከደረሳችሁ በኋላ ያላችሁ 6 ወር ብቻ ነው፣ ከጥፋቱ ወይም ጥፋቱን ካወቃችሁበት ጊዜ አንስቶም አንድ ዓመት እንዳያልፋችሁ። እኛ ለድርጅቱ ጻፍን፣ «የሊዙ ዘመን በሪፖርቱ ላይ ተገልጿል» ብለው መለሱ፣ ከክፍያቸውም ትንሽ መለሱልን። በልጅና በሥራ ተወጥረን ከዚያ በላይ አልገፋንበትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን በግዢ ላይ ያላችሁ፣ የሊዙን ወረቀት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። 83፣ 82፣ 81 የሚል ካገኛችሁ ነገ ጠዋት ጠበቃችሁ ዘንድ ደውሉና «ሻጩ የማራዘሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ መብቱን ሊያስተላልፍልን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።