ሀዋሳ ፒያሳ፦ ስለ አውሮፓ ህዳሴ የሚሰጠው የቅዳሜ ትምህርት በአንድ አራሚ ዓይን

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ አውሮፓ ህዳሴ፣ ማለትም የጥንት ግሪክና ሮም ዕውቀት እንደገና ስለተነሣበት ዘመን፣ ተከታታይ ትምህርት ይሰጣል። መግቢያው ሻይን ጨምሮ 100 ብር ነው፤ አስተማሪው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እኔ በማተሚያ ቤት አራሚነት እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንኩ ፍርዴ ወደ ሙያዬ ያደላ ይሆናል። ትምህርቱ ከተከፈለበት በላይ ነው፤ ለብቻው በ60 ብር የሚሸጠው የትምህርቱ ጥራዝ ግን የወረቀቱን ዋጋ እንኳ አያወጣም።

መምህሩ እንደ ብዙዎቹ ከሥዕልና ከሐውልት አልጀመሩም። የጀመሩት መጽሐፍ ፍለጋ ከሚንከራተቱ ሰዎች ነው፦ በ1345 ቬሮና ላይ የጥንቱን ሮማዊ ተናጋሪ የሲሴሮን ደብዳቤዎች ካገኘው ከጣሊያናዊው ባለቅኔ ከፔትራርክ፣ በ1417 ከገዳም ቤተ መጻሕፍት የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ የሉክሪሺየስን ግጥም ካወጣው ከፖጆ ብራቾሊኒ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራብ አውሮፓ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው እምብዛም በማይገኝበት ዘመን፣ ፍሎረንስ የግሪክኛ መምህሩን ማኑኤል ክሪሶሎራስን ከቁስጥንጥንያ አስመጥታ በ1397 ትምህርቱን አስጀመረች። ከዚያ በኋላ የጥንቱን ሰው በራሱ ቋንቋ ማንበብ የሚችል ትውልድ መጣ፤ ጣጣውም ከዚህ ጀመረ።

የሙያ ባልደረባዬ አድርጌ የያዝኩት ጣሊያናዊውን ሊቅ ሎሬንዞ ቫላን ነው። የሮም ሊቃነ ጳጳሳት የምዕራቡን ምድር የመግዛት ሥልጣን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ሰጥቶናል የሚሉበትን ሰነድ በ1440 መስመር በመስመር መረመረው። ላቲኑ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ላቲን እንዳልሆነ አሳየና ሰነዱን ሐሰተኛ አለው። ከዚህ ወዲያ አሮጌ ወረቀት ይዞ ሥልጣን የሚጠይቅ ሁሉ አንባቢ እንደሚመጣበት ማወቅ ነበረበት። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1516 ባዝል ላይ የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ አሳተመ፤ ማርቲን ሉተር በ1522 ለሕዝብ ያወጣው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን የተተረጎመው ከዚያው ሥራ ሁለተኛ እትም ነው።

በጣም የወደድኩት የሕክምናው ክፍል ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም የጋለን ሥራዎች በ1525 ቬኒስ ላይ በግሪክኛ ታተሙ፤ ሐኪሞች አባታቸውን መልሰው ያገኙ ያህል ተደሰቱ። በ1543 ግን የአካል ጥናት ሊቁ ቬሳሊየስ አስከሬን እየቀደደ፣ ጋለን ስለ ሰው የጻፈው በብዙ ቦታ ከእንስሳት አካል የተወሰደ መሆኑን አሳየ። ጥንቱን በትክክል ማንበብ ጥንቱን ለማረም በር ከፈተ። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ መብራት ጠፋ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ፤ ማንም አልተነሣም።

ቅር ያሰኘኝም አለ። መካከለኛውን ዘመን «ጨለማ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ዘለሉት። ባግዳድ ላይ ተርጓሚው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የጋለንን መጻሕፍት ባይተረጉም፣ ቶሌዶ ላይ ጄራርድ ዘክሬሞና ከዐረብኛ ወደ ላቲን ባይመልስ፣ አውሮፓ ከየት ተነሥታ ነው ያንሰራራችው? ስለ ገበሬውና ስለ ሴቶች የተባለው ደግሞ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ስለ ኅትመት ሲያስተምሩ ጀርመናዊውን የኅትመት ፈር ቀዳጅ ጉተንበርግንና የቬኒሱን አሳታሚ አልዱስ ማኑቲየስን አንሥተው ሊዘጉ ሲሉ እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ የእኛ ፊደልስ?» አልኳቸው። «ጥሩ አስታወስከኝ፣ ልጄ» ብለው በሚቀጥለው ቅዳሜ የአሮጌ ገጽ ቅጂ ይዘው መጡ፦ በ1513 ሮም ላይ የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነው፤ ግእዙን የተማረው ሮም ከነበረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ግእዙን በባቢሎን አገር ሰዎች ስም ከለዳዊ ብሎ መሰየሙን ይቅር እንበለው። ፊደሉ ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ዓይኔን ከገጹ ማንሣት አልቻልኩም።

በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም የግእዝ አዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ። በመጨረሻ ለአንባቢ የጻፉትን ይቅርታ መምህሩ በቃላቸው ነገሩን፦ ፊደል የሚለቅሙት ማንበብ አያውቁም፣ እኛም መልቀም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን፣ ስለ ስሕተቱ ማሩን የሚል ነው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን ጥራዝ እያየሁ ነበር። ጉተንበርግ በአንድ ገጽ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ የኤራስመስ ሥራ በ1615 ወጣ ይላል። የአባ ተስፋ ጽዮን ሰዎች ማንበብ ባለመቻላቸው ምክንያት ነበራቸው፤ የእነዚህኞቹ ምንድን ነው? ለሻጯ «እህቴ፣ ቀጣዩን ሳታትሙ ለእኔ አሳዩኝ፣ ያለ ክፍያ አርማለሁ» አልኳት። «ታትሞ መጥቷል እኮ!» ብላ ካርቶኑን በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋችው።

መሄድ የምትፈልጉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ድረሱ፤ የኋላው ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ የምትሰሙት የባጃጅ ድምፅ ነው። ጥራዙን ትታችሁ ደብተር ያዙ።