የተጎታቼን ሞዞ ወደ ስድስት ቡሎን ከቀየርኩ በኋላ፦ የ13 ወራት ልምድ

ባለ ሁለት ጎማ ተጎታቼን የምጠቀምባት በመቂ አካባቢ ከሚገኝ ማሳ ሽንኩርት ለማውጣትና 500 ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር ለማመላለስ ሲሆን፣ የሚጎትታት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ስገዛት ባለ 13 ኢንች ቸርኬና ባለ አምስት ቡሎን ሞዞ (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት፣ በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ክፍል) ነበራት፤ ሃይሉክሱ ግን ባለ 15 ኢንችና ባለ ስድስት ቡሎን በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ዓይነት ስኮርታ ጎማ መጫን ነበረብኝ። ሞዞውን ለመቀየር የተነሣሁት አንዱ ስኮርታ ለሁለቱም እንዲያገለግል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቡሎኖቹ የተተከሉበትን ክብ በመለካት ነው። በባለ ስድስቱ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ሲለኩ 139.7 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በባለ አምስቱ ግን ትይዩ ቀዳዳዎች ስለሌሉ፣ የሁለት ተከታታይ ቀዳዳዎችን ርቀት ለክቶ ለ0.588 ማካፈል ያስፈልጋል፤ የእኔ 67.2 ስለነበር ክቡ 114.3 ሚሊ ሜትር ሆነ። የነባሩ ሞዞ ፊት ጠቅላላ ስፋቱ 145 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ስድስት አዲስ ቀዳዳ ቢበሳ ቀዳዳዎቹ ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። ዙሪያውን ብረት በይዶ ማስፋት የሚል ምክርም ቀርቦልኝ ነበር። ሞዞው ካስት ብረት ስለሆነና እንዲህ ያለው ብረት ከብየዳው አጠገብ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ አልተቀበልኩትም፤ ማንም እንዲቀበለው አልመክርም።

በመጀመሪያ ቶርኖ ቤት 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዲስክ አሠራሁ። ዲስኩ በነባሮቹ አምስት ቡሎኖች ከሞዞው ጋር ይታሰራል፤ ጎማው ደግሞ በዲስኩ ላይ በተተከሉት ስድስት ቡሎኖች ይያዛል። ጎማው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ኩሽኔታው (ሞዞው የሚሽከረከርበት ባለ ብይ ቀለበት) ይጎዳል ብዬ ሠግቼ ነበር። ሆኖም የሃይሉክሱ ቸርኬ በፋብሪካ አሠራሩ ጎማውን 30 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው፣ የጎማው መሐል ከቀድሞው ቦታው አልተነቃነቀም፤ በአራት ወራት ውስጥም ኩሽኔታው አልሞቀም። ችግሩ የመጣው ካልጠበቅኩት በኩል ነው። አምስቱ የውስጥ ዳዶዎች በቸርኬው ስለሚሸፈኑ ጎማው ካልወለቀ አይታዩም፤ በአራተኛው ወር ለምርመራ ስፈታው በግራ በኩል ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። በዚያው ዕለት ዲስኮቹን አነሣሁ።

ሁለተኛው መፍትሔ፣ ዛሬም የምጠቀምበት፣ የነባሩን ኩሽኔታዎች የሚቀበል ነገር ግን ፊቱ ሰፊ የሆነ አዲስ የብረት ሞዞ ነው። ስድስቱ ቡሎኖች 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያላቸው፣ ከሃይሉክሱ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዳዶውም ቁልፉም አንድ ነው። በተለይ ያስደሰተኝ ቶርኖ ሠራተኛው የቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ በልኩ የሚያርፍበትን 106 ሚሊ ሜትር ክብ ከሞዞው ፊት ላይ ማውጣቱ ነው፤ ይህ ባይኖር ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስይዙት ሾጣጣዎቹ ዳዶዎች ብቻ ይሆኑ ነበር። ዳዶዎቹን በ110 ኒውተን ሜትር አጥብቄ፣ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ አጠበቅኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ወራት አልላሉም።

ያጣሁት ግን አለ። ዲስኩ ሲነሣ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ፤ ጎማውም ከ165 ወደ 225 ሚሊ ሜትር ስለሰፋ፣ በጎማውና በባሌስትራው (አክስሉን በሚይዘው ተደራራቢ የብረት ሞላ) መካከል የነበረው የ75 ሚሊ ሜትር ክፍተት 15 ሆነ። በደረቅ መንገድ አይነካካም፤ በክረምት ግን የማሳው ጭቃ እዚያ ይጠቀጠቅና የጎማውን ጎን ይፍቃል፤ ስለዚህ ከማሳ በወጣሁ ቁጥር በእንጨት እጠርጋለሁ። አዲሱ 225/70 ጎማ ከቀድሞው በዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ ተጎታቿ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላለች፤ የጭቃ መከላከያዎቹን ማንሣትና የመጎተቻውን ከፍታ ማስተካከል ግድ ሆኗል። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ጭነት መጨመር ይቻላል ማለት እንዳልሆነም ላሳስብ፤ የሚሸከመው አክስሉ ነው፣ አክስሉም አልተቀየረም። ፍሬን ያላት ተጎታች ከሆነችም ትልቁ ጎማ የፍሬኑን ጉልበት ይቀንሰዋል።

በሰባተኛው ወር ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ የተጎታቿ ቀኝ ጎማ በምሽት ተነፈሰ። የሃይሉክሱን ስኮርታ አውርጄ፣ በዚያው ክሪክና በዚያው ቁልፍ ቀይሬ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ባሌስትራው አጠገብ ያለውን ጥበት ለማቃለል በሚቀጥለው ክረምት ጠበብ ያለ ባለ 15 ኢንች ጎማ ለሁለቱም ተሽከርካሪዎች እገጥማለሁ፤ ሞዞው ግን እንዳለ ይቆያል።