ሽሮ ሜዳ የሙሽራ ቀሚስ ልትገዙ የምትሄዱ ሁሉ፣ ልብሱ ሲጠቀለል ዓይናችሁን አትንቀሉ

ለጥር ሠርግ የሀገር ልብስ ፍለጋ ከየከተማችሁ ወደ አዲስ አበባ ልትመጡ ያሰባችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ትናንት 18,000 ብር ከፍዬ የእጅ ሽመና ፈትል ቀሚስ መርጬ፣ የፋብሪካ ኅትመት ጨርቅ አስይዘው ሸኙኝ። ዛሬ ልመልስ ስሄድ የጠበቀኝ ንቀት ደግሞ ከገንዘቡ በላይ አንገብግቦኛል። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

የመጣሁት ከደብረ ሲና ነው። ቀሚሱ ለታናሽ እህቴ ሠርግ ነው፤ ገንዘቡ እናቴ በብርድና በጭጋግ አውቶቡስ መስኮት ሥር ቆማ ቆሎ ሸጣ ያጠራቀመችው ነው። እያንዳንዱ ብር ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምንገበገበው።

አዲስ አበባን ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከመነሳቴ በፊት የተነገረኝ ሁሉ ማስፈራሪያ ነበር፤ ቦርሳሽን እቀፊ፣ ስልክሽን አታውጪ፣ መንገድ የሚያሳይሽን አትመኚ። ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ ግን የታክሲው ረዳት የተረፈኝን መልስ ቆጥሮ ሰጠኝ። መገናኛ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ሳይ የትኛው የአራት ኪሎ እንደሆነ ጠፍቶኝ ስቆም፣ አንዲት ተማሪ የራሷን ተራ ትታ ወስዳ አሰለፈችኝ። በመስኮት የማየው አዲሱ የእግረኛ መንገድና የመብራቱ ብዛት አስገርሞኛል። ስድስት ኪሎ ከሰማዕታት ሐውልት አጠገብ የጠየቅኳቸው አዛውንት ደግሞ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ታክሲ ድረስ ሸኝተውኛል። ይህን የምጽፈው የከተማዋን ሰው ለመስደብ እንዳልተነሳሁ እንድታውቁልኝ ነው። ያታለለኝ መንገደኛ አይደለም። ያታለለኝ ሱቅ ከፍቶ፣ መስታወት አቁሞ፣ ወንበር አቅርቦ የሚነግድ ሰው ነው።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ተሰቅሎ በር ላይ አንዲት ልጅ ትቆማለች። «ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ማየት በነፃ ነው» ትላለች። ወንበር ይመጣል፣ ቡና ይምጣልሽ ይባላል፣ ዋጋው ከ30,000 ይጀምራል፣ ልትወጪ ስትነሺ ከበር ይጠሩሻል። እኔም ያለፍኩት በዚሁ ነው። በመሃል የሱቁ ባለቤት «አነጋገርሽ የሸዋ ነው፤ ከየት ነሽ? መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ። «ነገ ጠዋት» አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ ዛሬ ነው።

ደግሞ ጨርቅ ከማታውቅ ሴት ጋር አልነበረም ጉዳያቸው። እናቴ እንዝርት ስታሾር እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ፈትልን በጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ። አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለውን ቀሚስ ከመስቀያው አስወርጄ ገልብጬ አየሁት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው ክሩ የሄደበት መንገድ ይታያል፤ ያ ቀሚስ ያሳይ ነበር። የዶርዜ ሸማኔ እጅ ያረፈበት መሆኑን ባለቤቷ ስትምል አልዋሸችም። ያሳየችኝ ቀሚስ እውነተኛ ነው።

ከዚያ ክፍያው ሆነ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በወረቀት እጽፍልሻለሁ» ተባልኩ። ገንዘቡን በስልኬ ወደ ሰጡኝ የሂሳብ ቁጥር ላክሁ፤ ስልኬ ላይ የመጣው ስም የወንድ ነው፤ «ባለቤቴ ነው» አለች። መልእክቱ ሲደርሳት በር ላይ የነበረችው ልጅ ቀሚሱን አነሳችና «ለሙሽራ እንዲህ ተጨማዶ አይሰጥም፣ ቆይ ልተኩስልሽ» ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

እዚህ ላይ ነው የተሸጥኩት። ልጅቷ መጋረጃውን እንዳለፈች ባለቤቷ ነጠላዎች እያወረደች ጭኔ ላይ ትዘረጋ ጀመር። «ለእናትሽስ? እናት ያለ ነጠላ ትድራለች እንዴ? ለአንቺ እቀንሳለሁ።» የእህቴን ስም ጠየቀችኝ፣ የሙሽራውን ሥራ ጠየቀችኝ፣ ስለራሷ ሠርግ አወራችኝ። ቀና ባልኩ ቁጥር ሌላ ነጠላ ይዘረጋል። ከጀርባ ካውያው ሲፍ ሲል እሰማለሁ። ልጅቷ ስትወጣ ልብሱ ተጣጥፎ፣ ነጭ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ ነበር። ከላይ የሚታየው የጥለቱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ያው አረንጓዴ፣ ያው ወርቃማ። ልከፍተው እጄን ስሰድ ልጅቷ እጄን በእጇ ያዘችና «ተይ የኔ እህት፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት ከተከፈተ ይጨማደዳል፤ ሀገርሽ ስትደርሺ ትከፍቺዋለሽ» አለችኝ። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ። ባለቤቷም «እግዚአብሔር ትዳሯን ይባርክላት፣ ልጆቿን ያሳያችሁ» ብላ መርቃ ሸኘችኝ። በውስጡ ምን እንዳለ እያወቁ ነው ሁለቱም እህቴን የመረቁት።

ማታ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አክስቴ ቤት «እስቲ ልየው» ባትለኝ ኖሮ እሽጉ የሚከፈተው ደብረ ሲና፣ እናቴ ፊት ነበር። አክስቴ ላስቲኩን ቀድዳ ልብሱን ስትገለብጠው ጀርባው ነጭ ነው። ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን የታተመ ነበር። ከጠርዙ ክር መዝዛ በክብሪት ለኮሰችው። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ሆኖ ይበናል፤ ይህ ግን ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ። አክስቴ ምንም አላለችም፤ እኔ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት የአውቶቡሱን ጉዞ ትቼ ተመለስኩ። ልጅቷ በሩ ላይ «ግቢ የኔ...» ብላ ጀምራ ሳታውቀኝ አልቀረችም፣ ቃሏን ሳትጨርስ ፊቷን አዞረች። ባለቤቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «እኛ እንዲህ ያለ ዕቃ አንሸጥም» አለችኝ። ያው ኅትመት በሌላ ቀለም ከጀርባዋ ተሰቅሎ ነበር፤ ሳሳያት «እሱ ሌላ ነው» አለች። ወረቀቴን አወጣሁ፤ «ቀሚስ 1» ይላል፣ የሱቅ ስም የለው፣ ማኅተም የለው። የባንኩን መልእክት ሳሳያት «ይህን ሰው አላውቀውም» አለች፤ ትናንት ባሏ የነበረውን ሰው።

ይህን ስንነጋገር ሌላ ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር ገባች። የባለቤቷ ድምፅ በዚያች ቅጽበት ከፍ አለ። «ከክፍለ ሀገር ይመጡና ርካሹን ይገዛሉ፣ ቤት ሲደርሱ ውዱን አምጡ ብለው ያለቅሳሉ!» አለች። አነጋገሬን እያስመሰለች ደገመችው። ሚዜዎቹ ሳቁ። ጉንጬን የሳመችኝም ልጅ ሳቀች። ባለቤቷ «ክሰሺ ከፈለግሽ፤ ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ አንድ ወጣት ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። የመጣሁበት ከተማ ትንሽ ስለሆነ መብቴም ትንሽ የሆነ ይመስላቸዋል።

ማታ ቁጭ ብዬ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን አነበብኩ፤ ቁጥር 813/2006። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሸማች በነጋዴ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለውም ተጽፏል። ግድግዳቸው ላይ የለጠፉት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ይህን አይሽረውም።

ሌላም የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ከዚያ ሱቅ ብዙ ሳይርቅ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ድርና ማጉን እያቀባበለ ይውላል። እነርሱ የእሱን ሥራ ማጥመጃ አድርገው ይሰቅሉታል፣ ዋጋውን ያስከፍሉበታል፣ ከዚያ መልሰው ለሚቀጥለው ገዢ ያንጠለጥሉታል። ሸማኔው ጥለቱን በሠራበት እጁ ምንም አይደርሰውም።

ለምትሄዱ፦ የመረጣችሁት ልብስ ከእጃችሁ አይውጣ፤ ካውያም አይፈልግም። ራሳችሁ አጥፉት። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ሳትይዙ፣ በሱቁ ስም ላልሆነ ሂሳብ አትክፈሉ። መቼ እንደምትመለሱም አትንገሯቸው።

እኔ ቀሚሱን፣ ወረቀቱንና የባንኩን መልእክት ይዤ ሰኞ ጠዋት ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፤ አክስቴም ትመሰክርልኛለች። ሽሮ ሜዳ ላይ በዚሁ መንገድ የተለወጠባችሁ ካላችሁ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንግባ።