ለመጥሪያ ካርድና ለባነር የትኛው ነጻ ፕሮግራም ይሻላል?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የሠርግ መጥሪያ፣ የሱቅ ባነር ወይም የሸቀጥ መለያ የሚያዘጋጅ ሰው ከጓደኛው በፍላሽ የገለበጠውንና ፈቃድ የሌለውን ፎቶሾፕ ሲጠቀም ማየት የተለመደ ነው። ያንን ከነቫይረሱ ከመሸከም በነጻ የሚገኙትን መሞከር ይበጃል። ምርጫው መመዘን ያለበት ግን ፕሮግራሙ ባለው የመሣሪያ ብዛት ሳይሆን የግዕዝን ፊደል በሚይዝበት አኳኋንና መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በሚያደርገው ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን ቀዳሚው ኢንክስኬፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶዲፖዲ ከተባለ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣው ይህ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ምስሉንም በመስመር ስሌት ስለሚይዝ ለካርድ ጠርዝ የተሣለ ሐረግ ለሦስት ሜትር ባነር ሲለጠጥ አይሻክርም። ኒያላንም ሆነ አቢሲኒካን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ የሚያውቁበት ሥርዓት) ፎንት ሁሉ ይቀበላል። ሆኖም የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያው ፎንት ከሌለው ጽሑፉ መልኩን ይቀይራል፣ አለዚያም የሳጥን ድርድር ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ከመላኩ በፊት «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሚለው ትእዛዝ ፊደሉን ወደ ቅርጽ መቀየር ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሙሽራውን ስም በጽሑፍ ማረም ስለማይቻል የሚታረመው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ፤ ደንበኛ የአባቱን ስም የሚያስተካክለው መቼም ካርዱ ሊታተም ሲል ነውና። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ቢከፈት ግን ጥፋቱ የኢንክስኬፕ አይደለም።

ለፎቶግራፍ ጊምፕ አለ። የመንዝ በርኖስ ለገበያ ፎቶ ሲነሣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ለማስወገድና ብርሃኑን ለማስተካከል ይበቃል፤ ምንም እንኳ በልብሱ ጠርዝ ላይ የሚወጣው የሱፍ ጠጉር ትዕግሥት የሚፈታተን ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጊምፕ 3.0 እትም አንድ ጊዜ የተደረገን የማጣሪያ (ፊልተር) ለውጥ በኋላ ተመልሶ ለማስተካከል ያስችላል፤ በቀድሞው ይህ አልነበረም። ሥራውን በየጊዜው በራሱ ስለማያስቀምጥ ግን ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ቶሎ ቶሎ «ሴቭ» ማድረግ አለበት።

በኢንተርኔት የሚሠራው ካንቫ ከሁሉም ይቀላል፤ በቴሌግራም ለሚላክ የልደት ካርድ ከስልክም ይሠራል። ነገር ግን ዳታ ይበላል፣ የራስን ፎንት ማስገባትና ምስልን ያለ ጀርባ ቀለም ማውረድም ለከፋዮች ብቻ የተፈቀደ ነው። ለአማርኛ ሠራተኛ የመጀመሪያው ክልከላ ከባድ ነው።

የሚቀረው ቀለም ነው። ኢንክስኬፕ የሚሠራው በስክሪን ቀለም ስለሆነ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ደብዝዘው ሊወጡ ይችላሉ። ማተሚያ ቤቱ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች የተዘጋጀ ፋይል ከጠየቀ ሥዕሉን በኢንክስኬፕ ጨርሶ ገጹን በስክራይበስ ማዘጋጀት ይቻላል፤ እርሱም ነጻ ነው። ካልጠየቀ ደግሞ ሙሉው ትእዛዝ ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አሳትሞ ለደንበኛው ማሳየት ይበቃል።