ዲት፣ ፒካሪዲን ወይስ ሽቶ ባሕር ዛፍ? ለሐይቅ ቀዛፊ የሚሆን የቢንቢ መከላከያ

ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ስትቀዝፉ ብትውሉ ቢንቢ የሚባል ነገር ላያጋጥማችሁ ይችላል። መሃል ሐይቁ ላይ ነፋስ አለ፣ ቢንቢ ደግሞ ነፋስ አይችልም። ነገሩ የሚለወጠው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ዳር ስትጠጉ ነው። ነፋሱ ጸጥ ይላል። ከሣሩ ውስጥ ያ የምታውቁት ድምፅ ይነሳል። ካያኩን ጎትታችሁ እስክታወጡ፣ ላይፍ ጃኬቱን እስክትፈቱ ድረስ ሁለቱም እጃችሁ ሥራ ላይ ነው። እግራችሁ እርጥብና ባዶ ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ የተነከስኩት እዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

ስለዚህ መከላከያ ስመርጥ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲረጨኝ ውዬ ለዚያች ሩብ ሰዓት የሚደርስልኝ የቱ ነው?

ጉዳዩ የማሳከክ ብቻ አይደለም። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም አገራችን ውስጥ ወባ ከሚታይበት ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በዋናነት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የምትበዛው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ እኛ ለሽርሽር በምንወጣበት ወቅት ነው። አንድ ጓደኛችን ጥቅምት ላይ አብሮን ሄዶ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጉንፋን ነው ብሎ ሦስት ቀን ተኛ። ወባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር እንደ ቀላል አላየውም።

ዲት

ዲትን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1946 ለወታደሮቹ ያሠራው ነው። ከ1957 ጀምሮ ለሕዝብ ይሸጣል። ይህን ያህል ዘመን የተፈተነ የትንኝ ቅባት የለም። ይሠራል ወይ ብላችሁ አትጠራጠሩ፣ ይሠራል።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያነበዋል። መቶኛው የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደሚበረታ ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ 24 በመቶ ዲት ያለው ቅባት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ከንክሻ ጠብቋል። ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን የሚጨምረው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ 98 በመቶ የሚል ጠርሙስ ስታዩ አትጓጉ። ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበቃችኋል።

ቀዛፊን የሚያስቸግረው ሌላ ጠባዩ ነው። ዲት ፕላስቲክ ይበላል። እኔ ዘንድ አንድ የፀሐይ መነጽር አለ። የቀኝ ክንዱ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቷል። ተቀብቼ እጄን ሳልታጠብ መነጽሩን ስላስተካከልኩ ነው። በማግስቱ ሳየው ላዩ ለስልሶ የጣቴ መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ካያክ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ዙሪያችሁ ፕላስቲክ ነው፦ ሰዓቱ፣ መነጽሩ፣ የስልኩ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ። የሚለጠጥ የስፖርት ልብስንና ቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት መቅዘፊያንም ያበላሻል። ጥጥ፣ ሱፍና ናይለን ግን ምንም አይሆኑም።

ፒካሪዲን

ይህን የጀርመኑ ኩባንያ ባየር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው ሲሆን አሜሪካ ገበያ የገባው በ2005 ነው። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። አያጣብቅም። ፕላስቲክ አይነካም። 20 በመቶው ከቢንቢ በመከላከል ከ25 በመቶ ዲት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል። 10 በመቶ የሚልም አለ፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ሳትገዙ በፊት ቁጥሩን እዩ።

ሶየር የሚባለው ኩባንያ የሚሸጠው 20 በመቶ ሎሽን ማሸጊያው ላይ ከቢንቢ እስከ 14 ሰዓት ይከላከላል ይላል። የሚረጨው ደግሞ እስከ 12። ካያክ ላይ ግን ይህን ሰዓት ለክንዳችሁ አታስቡት። መቅዘፊያውን ባነሳችሁ ቁጥር ውሃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ አንጓችሁ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በክርናችሁ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ያው ነው። አንገታችሁ ላይ ያለው ቅባት እስከ ማታ ቢቆይ እንኳ ክንዳችሁ ላይ ያለው ከምሳ በፊት ታጥቦ ያልቃል። ዲትም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ለሐይቅ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ፒካሪዲን 20 በመቶ፣ በሎሽን መልክ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ ላይ ሆናችሁ ደግማችሁ መቀባት አይቀርላችሁም። ደግማችሁ የምትቀቡት ነገር ደግሞ እጃችሁ ላይ እያለ መነጽርና ስልክ ብትነኩ የማያስቆጭ መሆን አለበት። ዲት ቤት ውስጥ ካላችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ አትጣሉት። ማታ ድንኳን ስር፣ ረጅም ሱሪ ለብሳችሁ ስትቀመጡ እኩል ያገለግላል።

ሽቶ ባሕር ዛፍ

የሎሚ ሽታ ያለው ባሕር ዛፍ እኛም አገር አለ፣ ሽቶ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። ከእሱ ዘይት ተጣርቶ የሚሠራው 30 በመቶ ቅባት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ይጠብቃል። ከዕፅዋት ከሚሠሩት ውስጥ ከልቤ የምመክረው እሱን ብቻ ነው። ነገር ግን በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ጥሬ ዘይት ሌላ ነገር ነው። ያ ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ማሸጊያው ላይ "ኦይል ኦፍ ሌመን ዩካሊፕተስ" ወይም "ፒኤምዲ" የሚል ፈልጉ። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይቀባም። ከላብ ጋር ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ክፉኛ ያቃጥላል። በሁለት እጅ ለሚቀዝፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልብሱ

ገንዘባችሁ ለሁለት ነገር ከበቃ ሁለተኛው ፐርሜትሪን ይሁን። 0.5 በመቶ ሆኖ ልብስ ላይ የሚረጭ ነው። ቆዳ ላይ አይቀባም። ረጭታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት ጨርቁን ይይዛል፣ እስከ 6 እጥበት ድረስ ይቆያል። ካልሲ፣ የሱሪ ጫፍና ባርኔጣ ላይ ብትረጩት ያቺን የመውጫ ሩብ ሰዓት በእጅጉ ያቀልላታል። ሥራውን ግን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ውጡ። ፐርሜትሪን ለዓሣ መርዝ ነው። ሐይቅ ዳር ቆሞ መርጨት የዓሣ አጥማጆቹን እንጀራ መንካት ነው። ድመት ካላችሁም እስኪደርቅ ድረስ አታስጠጓት።

ሸሚዙ ሰፋ ያለ፣ እጀ ረጅም ናይለን ይሁን። ሰውነት ላይ የሚጣበቀውን ስስ ልብስ ቢንቢ በላዩ ላይ ሆና ትነክሳለች። የፊት መረብ ለድንኳን ዳር ጥሩ ነው። እየቀዘፋችሁ ግን አትልበሱት። ከተገለበጣችሁ እርጥብ መረብ ፊት ላይ ይለጠፋል።

የሽቶ አምባርና በድምፅ ያባርራል የሚባለው መሣሪያ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት አምባሮቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠበቁም። የወይራ ወይም የጢንጁት ጭስ ነፋስ በሌለበት ይረዳል። ለመኝታ አጎበርን የሚተካ የለም።

ወደ ኦሞ ለምትወርዱ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። እዚያ ጠላታችሁ የገንዲ ዝንብ (ጼጼ) ናት። ቀን ትነክሳለች፣ ስስ ልብስ ትበሳለች፣ ቅባትም ብዙ አይመልሳትም። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ይስባታል። ስለዚህ እዚያ ቀለም መምረጥ ከቅባት ይበልጣል፦ ወፈር ያለ ካኪ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ላይፍ ጃኬት የምትከራዩ ከሆነም ሰማያዊውን ትታችሁ ሌላ ቀለም ጠይቁ።

አቀባቡ ላይ አንድ ሁለት ነገር። መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ከደረቀ በኋላ የቢንቢው። ሁለቱ በአንድ ላይ የተቀላቀሉበትን አልገዛም፣ ምክንያቱም የፀሐዩ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል፣ የቢንቢው ግን ያን ያህል መብዛት የለበትም። የልጆችን እጅ አትቀቡ፣ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ የመድኃኒቱን ስምና መቶኛውን ጽፋችሁ ላኩለት። በብዙ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ጠርሙስ እንደማያልፍም ንገሩት። ከጉዞ በተመለሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ግን ቅባት ተቀብቼ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ፣ በዚያው ቀን ተመርመሩ።

እኔ ጋ አሁን ካያኩ ፊት ለፊት ባለው ቦርሳ ውስጥ አንድ የፒካሪዲን ሎሽንና ትንሽ ፎጣ አሉ። 11 ሰዓት ሲሆን ገና መሃል ሐይቁ ላይ፣ ነፋሱ ሳይቆም፣ መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አጋድሜ እቆማለሁ። ክንዴንና ቁርጭምጭሚቴን አደርቃለሁ፣ እቀባለሁ። ከዚያ ነው ወደ ዳር የምዞረው።