በራሴ ቤት አራት ሌሊት በእንግድነት

አስቀድሜ ልናገር። የምጽፍለት እንግዳ ማረፊያ የራሴ ነው። ባህር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አባቴ በሠራው ግቢ ውስጥ ያሉ ስድስት ክፍሎች ናቸው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቤቱን የያዙት ቀጥሬ ያስገባኋቸው ባልና ሚስት ናቸው። ስሙን አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈልግም። ባለቤት ሌላ ከተማ እየኖረ የቅጥር ሰው የሚያስተዳድረው ማረፊያ ምን ይመስላል ለምትሉ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱን የማውቀው በስልክ ነው። ባህር ዳር ስሄድ እንኳ እህቴ ጋ ነበር የማድረው። ክፍል ይዤ ገቢ ላጉድል አልፈልግም ነበር። ከስድስቱ አልጋዎች በአንዱም ላይ ተኝቼ አላውቅም። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቤቱን ከያዙት ባልና ሚስት ለሚስትየዋ ደወልኩና "ለአራት ሌሊት ክፍል እፈልጋለሁ፤ እንደማንኛውም እንግዳ ከፍዬ ነው የማድረው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ እትዬ፣ መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ፤ ሳልመዘግብ አላስገባም" አለችኝ።

ከአየር ማረፊያው ባጃጅ ያዝኩ። የቤቱን ስም ለሾፌሩ ነገርኩት። አላወቀውም። ሰፈሩን ስነግረው ግን "አሃ! የእታለም ቤት ነው የሚሉት?" አለኝ። እታለም የሚሏት የቀጠርኳትን ሴት ነው። በሩ ላይ የአባቴን ስም የያዘ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰው ግን ቤቱን በእሷ ስም ነው የሚጠራው። መንገዱን ሁሉ ቅር እያለኝ ሄድኩ።

ክፍል 3ን ሰጠችኝ። አንሶላው ነጭ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። አጎበሩ አንድ ቦታ ተቀዶ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ፎጣው ሁለት ነው። የራስጌ መብራት አለ፤ አልጋ ላይ ሆኖ ለማንበብ ይበቃል። ከመስኮቱ የሚታየው የማንጎ ዛፍና የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሐይቁ ከክፍል አይታይም። ጣሪያው ላይ ከወጣችሁ ግን ጣና ከፊታችሁ ነው፤ በማለዳ ታንኳ የሚቀዝፉትን አሳ አጥማጆች ማየት ይቻላል። "የሐይቅ ዳር ክፍል" ብሎ ለጠየቀ እታለም ቁርጡን ትነግረዋለች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ብሸጠው ኖሮ "ለሐይቁ ቅርብ ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ይህን እወቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ በዓል ሲሆን ከሌሊት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ለእኔ የልጅነቴ ድምፅ ነው፤ ተኝቼ ሳዳምጥ አነጋለሁ። ከጎኔ ክፍል የነበረው ወጣት ግን ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ጋሼ፣ ማለትም የእታለም ባል፣ ወደ ጓሮው ክፍል አዛወረው። ማንንም አላስፈቀደም። እኔም እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ቁርሱን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ወደዚህ ቤት የሚመለሰው ለቁርሱ ነው። ማታ ላይ እታለም በየክፍሉ ዞራ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ "ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ጾመኛ ነዎት?" የሄድኩት በጽጌ ጾም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾም የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማን እንደሚጾም ማን እንደማይጾም ሳይጠየቅ አይታወቅም። ለጾመኛው በዘይት የተሠራ ፍርፍርና ፉል፣ ለሌላው ጨጨብሳ በቅቤና በማር ወይም እንቁላል ይቀርባል። የጾሙና የፍስኩ መጥበሻ ለየብቻ ነው። ሁለተኛውን መጥበሻ ከራሷ ኪስ እንደገዛችው ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም እሷ ሳትሆን ጋሼ ነው የነገረኝ። ብሩን ስመልስላት "የቤት ዕቃ ነው እኮ" አለችኝ።

አሳ ለሚበላ ጠዋት የመጣ ቆሮሶ ትጠብሳለች። ልጅ ካለ አጥንቱን ራሷ ለቅማ ነው የምታቀርበው። ቡናው የዘጌ ነው። ግቢው ውስጥ ይቆላል፤ ጭሱ እስከ ክፍል 3 ይደርሳል። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር። በአራት ቀን አንድም ቀን የቀዘቀዘ ነገር አልቀረበልኝም።

በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እታለም በባልዲ ሙቅ ውኃ ይዛ ቆማለች። ከሰል ላይ አሙቃ ነው። የዚያን ቀን አራት ክፍል ተይዞ ነበር። አራት ባልዲ፣ ሁለቱ ደግሞ ፎቅ ላይ። እንግዶች አስተያየት መጻፊያው ላይ "ሙቅ ውኃ ሁልጊዜ አለ" እያሉ ይጽፋሉ። ባነበብኩት ቁጥር ቦይለሩ እየሠራ ይመስለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቦይለሩ እሷ ነበረች። በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ይገዛ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሁለቴም "ገበያው ትንሽ ይሻሻል" ብዬ አሳደርኩት። የእኔ "ቆይ" በእሷ ወገብ ላይ ነው የወደቀው። ይህን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ላየው አልችልም ነበር።

በሦስተኛው ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጠ። በየወሩ ከደብረ ታቦር የሚመላለስ ደንበኛ ነው። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ስለ ቤቱ ጠየቅሁት። "ጥሩ ቤት ነው። ባለቤቷ አዲስ አበባ ናት አሉ። በፊት በፊት በቀን አምስቴ ትደውል ነበር። ይቺ ምስኪን ምጣዱን ጥዳ ትታ ስልክ ልታነሳ ትሮጣለች። እንቁላሌ ስንቴ አርሯል! አሁን እግዜር ይስጣት ተወች" አለኝ።

ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። እውነቱን ነው። እኔ እየደወልኩ ቤቱን የማስተዳድር ይመስለኝ ነበር። አንሶላው ተነጥፎ ፎቶ ይላክልኝ እል ነበር። በር ላይ ካሜራ አስገጥሜ በስልኬ ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ አይ ነበር። ያቆምኩትም ወድጄ አይደለም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ፎቶ የለም። ካሜራ የለም። አንዳንድ ቀን ስልኩም አልሠራ አለኝ። ያኔ የማደርገው ቢጠፋኝ መጸለይ ብቻ ሆነ።

በኋላ ስሄድ እታለም ባለ 50 ሉክ ደብተር አስረከበችኝ። የእያንዳንዱ ሌሊት ሒሳብ በእጅ ተጽፏል፦ የእንግዳው ስም፣ የከፈለው፣ የወጣው የከሰል፣ የሳሙና፣ የዘይት። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ተማሪ፣ ሦስት ሌሊት፣ መንገድ ተዘግቶበት፣ ያለ ክፍያ። እትዬ ይወቁት።" እንዲህ ያሉ ሰባት መስመሮች ቆጠርኩ። ልትጠይቀኝ ብትፈልግም አታገኘኝም ነበር። ብታገኘኝስ ምን እል ነበር? አዲስ አበባ ሆኜ የባንክ ዕዳዬን እያሰላሁ "አንድ ሌሊት ይበቃዋል" እል እንደነበር አውቃለሁ። ያ ተማሪ ዛሬ ዘመዶቹን ሁሉ ወደዚህ ቤት ይልካል፤ ግን ባይልክም እሷ ያደረገችው ትክክል ነበር።

ከእነሱ በፊት የነበረው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወጣት ቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ደውሎ ለመስተንግዶው አመሰገነኝ። ያደረበት ሌሊት መዝገቡ ላይ አልነበረም። ስፈትሽ ያልተመዘገቡ ሌሊቶች ብዙ ሆነው ተገኙ። በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኔም የምከፍለው ደመወዝ ለአንድ ዘበኛ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ሥራው ደግሞ የአስተናጋጅ፣ የጽዳት፣ የዘበኛና የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ስርቆቱን ትክክል አያደርገውም። እኔ ያጠፋሁት ግን አለ።

ባልና ሚስቱን ስቀጥር ይህን ቀየርኩ። ደመወዛቸው ለየብቻ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ደመወዝ አይደለም። በላዩ ላይ ከተጣራው ገቢ ከመቶ 15 እጅ የእነሱ ነው። ጡረታቸውንም እከፍላለሁ፦ ከአሠሪ 11፣ ከሠራተኛ 7 ከመቶ። "ቤት ጠባቂ ምን ጡረታ ያስፈልገዋል" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እንግዳ ማረፊያ ሥራ ነው፤ ሠራተኛውም ሠራተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳላየው ቆይቼ ነበር። የእረፍት ቀናቸውን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት ይላል። ወረቀቱ ላይ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማክሰኞ። ግን የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። መኪናው ተበላሽቶበት ያመሸ እንግዳ ነው። ጋሼ ተነስቶ ከፈተ። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄድ ሴት ሒሳብ ልትከፍል ጠራችው። እንደገና ተነሳ። አልጋዬ ላይ ሆኜ የጫማውን ኮቴ እየሰማሁ ነው ያነጋሁት። እዚያ ግቢ ውስጥ እያደሩ እረፍት የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ተነጋገርን። ከዚህ ወር ጀምሮ ሆቴል ማኔጅመንት የምትማር ጎበዝ ልጅ ማክሰኞ ማክሰኞ ትይዛለች። እነሱ ሰኞ ማታ ወጥተው ወደ ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ። እታለም መጀመሪያ እንቢ አለች። "ቤቱን ማን አምኜ?" አለችኝ። እኔ አምስት ዓመት ስጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ጋሼን ያማክር። ጀልባ በጠዋት ውጡ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ሰው ያስፈራል። ሴቶችን አስቀድሞ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባበት ይነግራቸዋል። ለጀልባ ከፍለው ደሴቱ ጋ ከደረሱ በኋላ የሚሰሙት ብዙ ናቸው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ጢስ አባይን ማየት የፈለገ ከክረምቱ ማግስት ይምጣ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ጋሼም በመጋቢት ለጠየቀው "አይሂዱ፣ ገንዘብዎን ይያዙ" ይለዋል። ከጀልባም ከመኪናም ኮሚሽን አይቀበልም። ሾፌሮቹን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ዋይፋዩ ደካማ ነው። ለሥራ የሚመጣ ሰው የራሱን ዳታ ይያዝ። መኪና ማቆሚያው ለሁለት መኪና ብቻ ነው። ፎቅ መውጣት ለሚከብዳቸው አረጋውያን ክፍል 1ን ወይም 2ን ጠይቁላቸው፤ መታጠቢያ ቤቱ ደረጃ የለውም።

ክፍል 6ን የመጨረሻውን ሌሊት አደርኩበት፤ ሆነ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ከሮቶው ሥር ስለሆነ ውኃ ሲሞላ ዲናሞው ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እታለም ክፍሉን የምታከራየው ሌላው ሲሞላ ብቻ እንደሆነ፣ ያውም አስጠንቅቃና ዋጋ ቀንሳ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ "ክፍል 6 ለምን ገቢው ያንሳል?" እያልኩ ስወቅሳት ኖሬያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምን ችግር አለ እትዬ፣ ዛሬ ሰሙት አይደል" አለች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሒሳቤን ሠራችልኝ። አራት ሌሊት በ1,800 ብር፣ የክፍል 6 ቅናሽ ተቀንሶ። በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችኝ። ከዚያ መዝገቡን ገልብጣ "አስተያየት ካለዎት እዚህ ይጻፉ" አለችኝ። ጻፍኩላት።

ሰሌዳው ሊቀየር ተሰጥቷል። የአባቴ ስም ከላይ ይቆያል፤ ከሥሩ "እታለም ቤት" የሚል ይጨመርበታል። የፀሐይ ማሞቂያው ተገዝቷል፤ ሠራተኞቹ በዚህ ሳምንት ይገጥሙታል። ክፍል 6ን እስከ ኅዳር መጨረሻ አትያዙት፤ ሮቶውና ዲናሞው ወደ ጓሮ እየተዛወሩ ነው። ለጥምቀት መምጣት ያሰባችሁ ከአሁኑ ደውሉ፤ ስድስት ክፍል ብቻ ነው ያለን። ስልኩን የምታነሳው እታለም ናት። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ግን ምጣድ ላይ ናትና ከዚያ በኋላ ደውሉላት።